«ቀድማ ብትደርስላቸው ኖሮ?» ንግሥት ኤልሳቤጥ፣ የኔዘርላንድስ አመፅና የፕሮፌሰር ዊልሰን ክስ

በስደት የምንኖር ሰዎች በተገናኘን ቁጥር ሳይነሳ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «ኃያላኑ በጊዜው ቢደርሱልን ኖሮ ምን እንሆን ነበር?» የሚለው ነው። ጥያቄው ግን የእኛ ብቻ አይደለም። የዛሬ 450 ዓመት ገደማ በለንደን፣ በኖሪችና በሳንድዊች ተጠግተው ጨርቅ እየሠሩ ይተዳደሩ የነበሩ የኔዘርላንድስ ስደተኞች ዓይናቸውን የተከሉት በአንዲት ሴት ላይ ነበር፤ በእንግሊዟ ንግሥት በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ላይ። ከስፔኑ ንጉሥ ጋር የተናነቁት ወገኖቻቸው ገንዘብም፣ ጦርም፣ መሪም ከእርሷ ይጠብቁ ነበር። እርሷም አንዴ እየሰጠች፣ አንዴ እየነሳች፣ አንዴ ላስታርቅ እያለች 17 ዓመት ያህል ከቆየች በኋላ በ1585 በይፋ ወደ ጦርነቱ ገባች። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ መዘግየት ከባድ ስሕተት ነበር ብለው በድፍረት የጻፉ ምሁር አሉ። ፕሮፌሰር ቻርልስ ዊልሰን ይባላሉ፤ በካምብሪጅ ያስተማሩ እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ ነበሩ። በ1970 የታተመው «ንግሥት ኤልሳቤጥና የኔዘርላንድስ አመፅ» የተባለው መጽሐፋቸው በኦክስፎርድ ካቀረቧቸው ንግግሮች የተገኘ ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ክርክሩ ጠንካራ ነውና ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ክርክር መመርመር ነው።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። በመዛግብት እውቀት ከፕሮፌሰሩ ጋር ልፎካከር አልመጣሁም። ይሁን እንጂ የአንድን ሕንፃ ክብደት የተሸከመው የትኛው ምሰሶ እንደሆነ ማየት ሥራዬ ነውና ክርክርም ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ምሰሶውን ነው። በእኔ እምነት የዊልሰን ክርክር ክብደቱን ያሳረፈው መሸከም በማይችል ምሰሶ ላይ ነው።

ዊልሰን ምን ይላሉ?

መነሻውን ባጭሩ ላስታውስ። ኔዘርላንድስ በዚያን ዘመን በአመዛኙ የዛሬዎቹን ሆላንድና ቤልጅየም የሚያጠቃልሉ 17 ክፍላተ ሀገራት ነበሩ። ጌታቸው ዳግማዊ ፊሊፕ በስፔን ሆኖ ይገዛቸዋል። በ1566 የካልቪን ተከታዮች በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያሉ ምስሎችን ሲሰባብሩ፣ ንጉሡ በተከታዩ ዓመት የአልባውን መስፍን 10,000 ያህል ወታደር አስይዞ ላከ። አልባ ልዩ ችሎት አቁሞ ከሺህ በላይ ሰው አስገደለ። በ1568 ኤግሞንትና ሆርን የተባሉትን ታላላቅ መኳንንት በብራስልስ አደባባይ አንገታቸውን አስቀላ። በዚያ ላይ ከሽያጭ ዐሥራት የሚያስከፍል ግብር ልጣል አለ። የኦሬንጁ ዊልያም አስቀድሞ ሸሽቶ ነበርና ትግሉን ከውጭ ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አመፁን ያቀጣጠለው የኤልሳቤጥ እርዳታ ሳይሆን ማባረሯ ነው። በማርች 1572 «የባሕር ለማኞች» የሚባሉትን የአማፅያኑን መርከበኞች ከወደቦቿ አስወጣቻቸው። መሄጃ ያጡት ሰዎች ኤፕሪል 1 ቀን ብሪል የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ያዙ። ከዚያ ወዲያ የሆላንድና የዜላንድ ከተሞች እየተከታተሉ ተነሱ። ንግሥቲቱ ይህን ያደረገችው ሆን ብላ ነው የሚሉ አሉ፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው።

የዊልሰን ዋና ክስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1575 የስፔን ዘውድ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ደመወዝ ያልተከፈለው ጦሩ በኖቬምበር 1576 በአንትወርፕ ላይ ዘምቶ ከተማዋን ዘረፈ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። በዚያው ሳምንት ካቶሊኩም ካልቪናዊውም፣ ደቡቡም ሰሜኑም በጌንት ከተማ ቃል ኪዳን ገብተው «የውጭ ወታደር ይውጣልን» አሉ። ስፔን ገንዘብ የላትም፤ ፈረንሳይ በራሷ የሃይማኖት ጦርነት ተይዛለች፤ ክፍላተ ሀገራቱ ለአንድ ጊዜ በአንድ ቃል ተናግረዋል። ከንግሥቲቱ አማካሪዎች መካከል ዋልሲንግሃምና ሌስተር «አሁን ነው» ይሉ ነበር። እርሷ ግን በብድርና በማስታረቅ ጊዜ አጠፋች። በ1579 አንድነቱ ፈረሰ። በ1585 ስትገባ ሊድን የቻለው ሰሜኑ ብቻ ነበር። በዊልሰን አስተያየት ያ የ1576 – 78 ዕድል ባይባክን ኖሮ የተባበረች ኔዘርላንድስ ልትድን ትችል ነበር።

ይህ ተራ ክስ አይደለም። ሒሳቡም የሚያግዘው ነው። በጊዜው ጥቂት ገንዘብ የሰሰተችው ንግሥት ከ1585 እስከ ሞተችበት እስከ 1603 በዚያው ጦርነት ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አፍስሳለች። ያውም የናንሳች ውል በተፈረመበት በዚያው በኦገስት 1585 አንትወርፕ ለፓርማው መስፍን እጇን ሰጠች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል አባቶቻችን።

የንግሥቲቱ ጠበቃ

ለኤልሳቤጥ ጥብቅና የቆሙት የኦክስፎርዱ ታሪክ ጸሐፊ ወርንሃም ናቸው። በ1966 ባሳተሙት «ከአርማዳ በፊት» በተሰኘው መጽሐፍ እንደሚያስረዱት፣ ንግሥቲቱ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ኔዘርላንድስ በስም የስፔን ሆና፣ የድሮ መብቷ ተከብሮ፣ የስፔን ጦር ሳይኖርባት እንድትቀር። ለምን ቢሉ፣ ስፔን ጨርሳ ብትወጣ የምትገባው ፈረንሳይ ናትና። ከእንግሊዝ ደጃፍ ፊት ለፊት ያለው የባሕር ዳርቻ ከሁለቱ በአንዱ ጦር እጅ እንዲወድቅ አትሻም።

ስለ ዓላማዋ እውነቱ ከወርንሃም ጋር ነው ብዬ አምናለሁ። ማስረጃ ካስፈለገ የ1588ቱ ይበቃል። ታላቁ የስፔን መርከብ ጦር ወደ እንግሊዝ በሚጓዝበት ሰዓት እንኳ የኤልሳቤጥ መልእክተኞች ቡርቡርግ በተባለች ከተማ ከፓርማ ሰዎች ጋር ስለ እርቅ ይደራደሩ ነበር። ነፃ የሆነች ኔዘርላንድስ ያኔ ግቧ አልነበረችም።

እንግዲህ አንዱ «ዘገየች» ይላሉ፤ ሌላው «ዐውቃ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ግን የሚመለከቱት ከለንደን መስኮት ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት ረጂዋ ትክክል ነበረች ወይስ አልነበረችም ብለው ነው። እርዳታው ሲመጣ የሚቀበለው አካል ማን ነበር? ሊሸከመውስ ይችል ነበር? ይህ ጥያቄ በሁለቱም ዘንድ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። ለእኔ ደግሞ ሕንፃው የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

የ1578ቱ ፈተና

ዊልሰን «ብትረዳቸው ኖሮ» የሚሉት ነገር በትንሹም ቢሆን ተሞክሯል። በ1578 ንግሥቲቱ ጦር ልካ ስሟን ከማስነሳት ይልቅ ገንዘብ ከፍላ ዮሐን ካዚሚር የተባለ ጀርመናዊ ልዑል ቅጥረኛ ወታደር ይዞ እንዲገባ አደረገች። ሰውየው ገባ። ነገር ግን ስፔንን በመውጋት ፈንታ በኦክቶበር ጌንት ገብቶ እዚያ ሥልጣን ከጨበጡት ጽንፈኛ ካልቪናውያን ጋር ወገነ። እነዚህ ሰዎች በ1577 የደቡቡን ታላቅ ካቶሊክ ባላባት፣ የአርስሖቱን መስፍን፣ ያሰሩ ናቸው። የደቡብ ካቶሊክ መኳንንት ከስፔን ይልቅ ጎረቤታቸውን ፈሩ። በጃንዋሪ 1579 በአራስ ከተማ ተሰብስበው ወደ ፊሊፕ የመመለሱን መንገድ ጀመሩ።

የእንግሊዝ ገንዘብ አንድነቱን አላጠናከረውም፤ ቀድሞ የነበረውን ስንጥቅ አሰፋው እንጂ። እርግጥ ነው፣ ዊልሰን «እኔ ያልኩት ቅጥረኛ ሳይሆን የራሷን ጦር ነው» ሊሉ ይችላሉ። ጦሩ ሲመጣ ግን የሚታዘዘው ለማን ነበር? ለዊልያም? የደቡብ መኳንንት እርሱን ለመገደብ ሲሉ በ1577 ማትያስ የተባለ የሐፕስበርግ ልዑል ከውጭ አስመጥተው በላዩ ሾመዋል። ለጠቅላይ ጉባኤው? እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ገንዘብ ለማውጣት ሲጠየቅ ወደ ቤቱ ሄዶ ይማከራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያ አንድነት የታጠቀው በአንትወርፕ ጭፍጨፋ ድንጋጤ ውስጥ ሲሮጥ ነበር።

ስለ አንትወርፕ ውድቀትም አንድ ነገር ልበል፤ ከሙያዬ ጋር ስለሚገናኝ አላልፈውም። ፓርማ ከተማዋን ለማስራብ የስኬልት ወንዝን ሰባት መቶ ሜትር በሚያልፍ ድልድይ ዘጋው። ከተማዋን ያገለግል የነበረ ጃምቤሊ የተባለ ኢጣሊያዊ መሐንዲስ በኤፕሪል 1585 በባሩድና በድንጋይ የተሞሉ መርከቦች ለቆ ድልድዩን በረገደው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የስፔን ወታደሮች ባንድ ቅጽበት አለቁ። መንገዱ ተከፍቷል! ነገር ግን እህል ጭኖ ይጠብቅ ለነበረው የዜላንድ መርከብ ጦር ምልክት የሚሰጠው ሰው ምልክቱን አልሰጠም። በማግሥቱ ፓርማ ድልድዩን ይጠግን ጀመር። የጎደለው ባሩድ አልነበረም፤ ብልሃትም አልነበረም። የጎደለው አንዱ የሠራውን ሌላው የሚቀበልበት ሥርዓት ነበር። ይህንን ደግሞ የእንግሊዝ ንግሥት በመርከብ ጭና ልትልከው አትችልም።

ሌስተር ሲመጣ

የናንሳች ውል ቃሉ ግልጽ ነው። ንግሥቲቱ 5,000 እግረኛና 1,000 ፈረሰኛ ትልካለች፤ ወጪው በዓመት 126,000 ፓውንድ ያህል ተገምቷል፤ ይህም ከመደበኛ ገቢዋ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው። በመያዣነት ፍላሺንግን፣ ብሪልንና የራመከንስን ምሽግ ትይዛለች። እንግሊዛውያን በመንግሥት ምክር ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ያገኛሉ። የቀረበላትን የገዢነት ዘውድ ግን አልቀበልም አለች።

በዲሴምበር 1585 የጦሩ አዛዥ የሌስተሩ ባላባት ሮበርት ደድሊ ደረሰ። ሕዝቡ እንደ አዳኝ ተቀበለው፤ በተከታዩ ወር ጠቅላይ ገዥነት ሾሙት። ንግሥቲቱ ሳታውቅ መቀበሉን ስትሰማ በቁጣ ነደደች፤ በአደባባይ እንዲያዋርደው ሰው ላከችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሬው አንድ ነገር ተረዳ፤ ይህ ሰው በራሱ ቃል ሊገባ የማይችል፣ ቃሉ ከባሕር ማዶ የሚሻር ሰው ነው።

የሌስተር ትልቁ ስሕተት በኤፕሪል 1586 ያወጣው አዋጅ ነው። ከጠላት ጋር መነገድን ከለከለ። ለሰሚው ምን ክፋት አለው? ከጠላት ጋር ይነገዳል እንዴ! ነገር ግን ሆላንድና ዜላንድ የሚኖሩት በንግድ ነው፤ ወደ ጠላት አገር ለሚሻገር ሸቀጥ የፈቃድ ቀረጥ አስከፍለው በዚያ ገንዘብ የመርከብ ጦራቸውን ያቆሙ ነበር። አዋጁ ጠላትን ሊያስርብ ታስቦ የወዳጅን ካዝና መታ። ሌስተር የሚሠራውን ማሽን ሳያጠና ጥርሱን ፈታበት።

ይህን አዋጅ አጥብቀው የደገፉትስ እነማን ነበሩ? እዚህ ላይ ለእኛ ለስደተኞች የሚመር ነገር አለ። ከሌስተር ደጋፊዎች ብዙዎቹ ከፍላንደርስና ከብራባንት ተሰደው ወደ ሰሜን የገቡ ሰዎች ነበሩ። ቤታቸው በጠላት እጅ ነው። የሆላንድ ነጋዴ ቀስ ብሎ ሲያሰላ እነርሱ የሚያስቡት የሚመለሱበትን ቀን ነው። ስለዚህ «ሁሉን ጦርነት አሁኑኑ» የሚላቸውን የውጭ ገዥ ከአገሬው ጉባኤ አስበለጡ። አልፈርድባቸውም። ግን የናፍቆታቸው ብርታት የማመዛዘን ኃይላቸውን እንደወሰደባቸው ታሪኩ ይመሰክራል። በ1587 መጸው በላይደን ከተማ ሥልጣኑን ለሌስተር ለማስያዝ የተሸረበው ሴራ ሲከሽፍ መሪዎቹ በሰይፍ ተቀጡ።

ከሁሉ የከፋው የመጣው በጃንዋሪ 1587 ነው። ሌስተር ዴቨንተርን ለሰር ዊልያም ስታንሊ፣ በዙትፈን ፊት ለፊት ያለውን ምሽግ ለሮውላንድ ዮርክ ሰጥቶ ነበር። አገሬው የሹመቱን ነገር ቢቃወምም አልተሰማም። ሁለቱም ሹማምንት የያዙትን ለስፔን አስረከቡ። ዙትፈን ማለት ከወራት በፊት ገጣሚው ፊሊፕ ሲድኒ የሞት ቁስል የቆሰለበት ሜዳ ነው። እንግሊዛዊ በደሙ የተዋጋለትን እንግሊዛዊ በፊርማው ሸጠው። የንጉሥ ደመወዝ ለወታደሩ ሳይደርስ በሻለቆቹ ኪስ ይቀር ስለነበር፣ የእንግሊዝ ጦር በብርድና በረሃብ እየሳሳ ነበር።

ጌታው ማን ነው?

ከዚህ ሁሉ ውርደት ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ሰነድ ተወለደ። በ1587 በምክር ቤቱ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ቶማስ ዊልክስ ለጉባኤው በጽሑፍ እንዲህ ሲል ተከራከረ፤ ሕጋዊ ንጉሥ በሌለበት የበላይ ሥልጣን የሕዝቡ ነው፤ እናንተ ጉባኤተኞች አገልጋዮች እንጂ ጌቶች አይደላችሁም። ልብ በሉ! የአንዲት ፍጹም ንግሥት ሹም «ሕዝብ» የሚለውን ቃል ያነሳው የአገሬውን ጉባኤ ለማዳከም ነው።

መልሱን የጻፈው የሃውዳ ከተማ የሕግ ሰው ፍራንሷ ፍራንክ ነው። የበላይ ሥልጣን በመኳንንቱና በከተሞቹ እንደሚኖር፣ ጉባኤተኞቹም የላካቸውን የከተማ ምክር ቤት ፈቃድ ተሸክመው እንደሚመጡ አስረዳ። ይህ ዴሞክራሲ ነው ለማለት አይቻልም፤ የከተማ ምክር ቤቶቹ ጥቂት ባለጠጎች እርስ በርሳቸው የሚሾሙባቸው ነበሩና። ይሁን እንጂ «ጌታ ከየት እናምጣ?» እያሉ ለኤልሳቤጥ፣ ለአንዡው መስፍን፣ ለፈረንሳዩ ንጉሥ አገራቸውን ሲያቀርቡ የኖሩ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ «ጌታው እኛው ነን» አሉ። ሌስተር በዲሴምበር 1587 ወደ አገሩ ተመለሰ። ሌላ የውጭ ገዥ አልፈለጉም።

ዊልሰን በ1576 – 78 ላይ ያቆሙት የክርክር ምሰሶ የሚሰነጠቀው እዚህ ጋ ነው። እርዳታው በ1585 ሲመጣ የሆላንድ ጉባኤ 13 ዓመት ሙሉ ግብር ሲሰበስብ፣ ሲበደርና ዕዳውን ሲከፍል የሠለጠነ አካል ነበር። የጄምስ ትሬሲ በ2008 የወጣው «የደች ሪፐብሊክ ምሥረታ» ይህንን የገንዘብ አሠራር በዝርዝር አሳይቷል። የእንግሊዝ ገንዘብ ከጦርነቱ ዓመታዊ ወጪ ሩብ ያህል እንደነበር ይገመታል። ሦስቱን እጅ የከፈለው የአገሬው ቢራ ጠጪ፣ እህል ሻጭና መርከበኛ ነው። እንዲህ ያለ አካል እንኳ በሌስተር ሁለት ዓመት ውስጥ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። በ1577 ገና በእግሩ ያልቆመው የ17ቱ ማኅበር ያንኑ ክብደት ይሸከመው ነበር ብሎ ማመን ይከብዳል።

ድጋፉ ሲነሳ

ግንበኞች አንድ ነገር ያውቃሉ። ኮንክሪት እስኪጠነክር ከሥሩ የባሕር ዛፍ ድጋፍ ይቆማል። የሕንፃው ጥንካሬ የሚታወቀው ድጋፉ ሲነሳ ነው።

ከ1588 በኋላ ኦልደንባርነቬልት የሆላንድን ጉባኤ፣ የዊልያም ልጅ ሞሪስ ጦሩን ያዙ። ፓርማም ኃይሉን ወደ ፈረንሳይ እንዲያዞር ታዝዞ ነበርና ፋታ አገኙ። ሞሪስ በ1590 ብሬዳን፣ በ1591 ዙትፈንን፣ ዴቨንተርንና ናይሜኸንን አስመለሰ። እንግሊዞቹስ? በፍራንሲስ ቬር መሪነት ጎን ለጎን በጀግንነት ተዋጉ፤ በ1600 በኒውፖርት ድልም ደማቸው አለበት። ልዩነቱ አሁን የሚዘምቱት ከሞሪስ ሥር መሆናቸው ነው። በ1598ቱ ውል ጉባኤው 800,000 ፓውንድ ዕዳ አምኖ በዓመት 30,000 ሊከፍል ተስማማ፤ የረዳት ወታደሮቹንም ደመወዝ ራሱ ወሰደ። በዚያው በ1600 የሞሪስ ባልደረባ መሐንዲሱ ሲሞን ስቴቪን ባወጣው ሥርዓት በላይደን በአገሬው ቋንቋ የሚያስተምር የምሕንድስና ትምህርት ተከፈተ። የምሽግ ልኬት የሚያስተምራቸውን ከውጭ መለመን አልፈለጉም።

በ1604 አዲሱ የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ ከስፔን ጋር ታረቀ፤ ድጋፉ ተነሳ። ቤቱ ግን አልወደቀም። በ1609 ስፔን የ12 ዓመት ተኩስ አቁም ፈረመች። በ1616 በመያዣነት የተያዙት ከተሞች ከቀረው ዕዳ ግማሽ በማይሞላ ገንዘብ ተመለሱ። በ1648 ነፃነታቸው በሙንስተር ውል ታወቀ።

በመጨረሻም

የዊልሰንን መጽሐፍ አንብቡት እላለሁ። የንግሥቲቱን አድናቂዎች ምቾት የነሳ፣ የስስትን ዋጋ በትክክል ያስቆጠረ ሥራ ነው። እርዳታ ዋጋ የለውም ማለቴም አይደለም፤ ዊልያም በ1584 ከተገደለ፣ አንትወርፕም ከወደቀች በኋላ እነዚያ 6,000 ሰዎች ባይመጡ ሰሜኑ በጊዜው ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። የማልቀበለው መጽሐፉ ያቆመውን ሚዛን ነው። የረጂውን ልብ ብቻ እየመዘነ የተረጂውን ቤት ሳይመዝን አለፈ።

ኤልሳቤጥ ለእንግሊዝ ሠራች። ከእርሷ ሌላ ነገር መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሆላንድ ሰዎች ብልሃት እርሷን ደግ ማድረግ አልነበረም፤ ደግ ባትሆንም የማይፈርስ ሒሳብ፣ ጉባኤና ጦር ማቆም ነበር። እኛም በየኃያላኑ ምክር ቤት ደጃፍ ደብዳቤ ይዘን ስንቆም፣ ደብዳቤውን የሚቀበለን ማን ነው ከማለታችን በፊት ምላሹ ቢመጣ የሚቀበለው የእኛ አካል የቱ ነው ብለን እንጠይቅ። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ያሰማን።